«ስኮርፒዮስ»፦ በግሪኩ መጽሐፍ ቅዱስ ጊንጥ የሚለው ቃል፣ ሙያውና ፍቺው

በአዲስ ኪዳን ግሪክ ጊንጥ «ስኮርፒዮስ» ይባላል። ቃሉ የሚገኘው አምስት ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለቱ በሉቃስ ወንጌል (10፥19 እና 11፥12)፣ ሦስቱ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 9 (ቁጥር 3፣ 5 እና 10)። ልብ የማይባለው ነገር ግን የአምስቱም መድረሻ የተለያየ መሆኑ ነው። አንዱም ቅርጽ ሁለት ጊዜ አልተደገመም። መዝገበ ቃላት ላይ ራስ ሆኖ የተቀመጠው «ስኮርፒዮስ» የሚለው ቅርጽ ደግሞ ከአምስቱ በአንዱም የለም።

ስለዚህ መዝገበ ቃላቱን ገልጦ «ጊንጥ» የሚለውን ፍቺ አንብቦ የሚዘጋ ሰው፣ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ከነገረው በላይ አንድም ነገር አላገኘም። ግሪኩን መግለጥ የሚጠቅመው መድረሻውን ለማንበብ ነው። ጊንጡ አድራጊ ይሁን፣ የሚደረግበት ይሁን፣ ባለንብረት ይሁን ወይም ለንጽጽር የመጣ ይሁን የሚናገረው የቃሉ ጭራ ነው። ቃሉ በዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚይዘው ይህ ሥራ ሙያ ይባላል።

ግእዝ ሰዋስው የቀመሰ ሰው ይህን ለመያዝ ብዙ አይቸገርም። በግእዝ ጊንጥ «ዐቅራብ» ነው፣ ሲበዛ «ዐቃርብት»። «ቀተለ ዐቅራበ» ስንል መጨረሻው ፊደል ወደ ግዕዝ (ወደ መጀመሪያው ሆሄ) የተለወጠው ቃሉ ተሳቢ ስለሆነ ነው። አማርኛም ያንኑ ሥራ በ«ን» ይሠራዋል፦ ጊንጥን ገደለ። ባለንብረትነትን በ«የ»፣ ተቀባይነትን በ«ለ» እናሳያለን። ግሪክ እነዚህን ሁሉ ከቃሉ ጫፍ ላይ ያደርጋቸዋል።

ለነጠላው እንዲህ ይሄዳል። ባለቤት ሲሆን ስኮርፒዮስ፣ አገናዛቢ (የጊንጥ) ሲሆን ስኮርፒዩ፣ ተቀባይ (ለጊንጥ) ሲሆን ስኮርፒዮ፣ ተሳቢ (ጊንጥን) ሲሆን ስኮርፒዮን፤ ጊንጡን ጠርቶ የሚያናግር ካለ ስኮርፒዬ። ለብዙ ደግሞ ባለቤቱ ስኮርፒዮይ፣ አገናዛቢው ስኮርፒዮን፣ ተቀባዩ ስኮርፒዮይስ፣ ተሳቢው ስኮርፒዩስ ነው። በሁሉም ጫናው «ፒ» ላይ ያርፋል፣ ከቦታው አይነቃነቅም። ጾታው ተባዕታይ ነው። ይህ የሰዋስው ጾታ እንጂ የእንስሳው ጾታ አይደለም፤ ሴቷም ጊንጥ በግሪክ ስኮርፒዮስ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በፊደላችን ስንጽፋቸው የነጠላው ተሳቢና የብዙው አገናዛቢ ሁለቱም «ስኮርፒዮን» ይሆናሉ። በግሪኩ ግን የመጀመሪያው በኦሚክሮን፣ በአጭሩ ኦ፣ ሁለተኛው በኦሜጋ፣ በረዥሙ ኦ ይጻፋል። በሮማውያን ዘመን የሁለቱ ድምፅ እየተቀራረበ ሄዶ አንድ ሆኗል፤ ልዩነቱን ጠብቆ ያቆየው ጽሕፈቱ ነው። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በንጉሡ «ሠ» ሠረቀ ብንል ፀሐይ ወጣ፣ በእሳቱ «ሰ» ሰረቀ ብንል ሌባ ነው፣ አንደበት ግን ሁለቱን አይለያቸውም። ስለዚህ ቃሉን በድምፅ ብቻ የሰማ ወይም በግእዝ ፊደል ተጽፎ ያገኘ ሰው ዐይኑን ወደ ግሪኩ ፊደል መመለስ አለበት። ሉቃስ 10፥19 ላይ ያለው በኦሜጋ ነው፤ 11፥12 ላይ ያለው በኦሚክሮን። በአንድ ወንጌል፣ በተከታታይ ምዕራፍ፣ በጆሮ አንድ የሆኑ፣ በሙያና በቁጥር ግን የተለያዩ ሁለት ቃላት ናቸው።

ከሉቃስ 10፥19 እንጀምር፤ ብዙ የሚሰበክበት ቦታ እሱ ነውና። የተላኩት ደቀ መዛሙርት አጋንንት እንደተገዙላቸው እየተናገሩ በደስታ ሲመለሱ ጌታ የሚላቸው ቃል ነው። ግሪኩ «ቱ ፓቴይን ኤፓኖ ኦፌዮን ካይ ስኮርፒዮን» ይላል። «ፓቴይን» ንዑስ አንቀጽ ነው፣ መርገጥ ማለት። ከፊቱ ያለው «ቱ» የአገናዛቢ መስተአምር (ከስም ፊት ቆሞ የሚወስነው ቃል) ሲሆን ንዑስ አንቀጹን «ኤክሱሲያ»፣ ማለትም ሥልጣን፣ ከሚለው ስም ጋር ያያይዘዋል። አማርኛ ይህን ያለ ምንም ጭንቀት ይቀበለዋል፦ የመርገጥ ሥልጣን። «ቱ» በ«የ»፣ «ፓቴይን» በ«መርገጥ» ልክ ልካቸውን ያገኛሉ።

«ኤፓኖ» ከላይ ማለት ነው፤ ከኋላው የሚመጣውን ስም አገናዛቢ እንዲሆን ያስገድዳል። ስኮርፒዮን በኦሜጋ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። «የጊንጦች» የሚል የባለንብረትነት ትርጉም የለውም፤ «ከጊንጦች በላይ» ነው። ጀማሪ አንባቢ አገናዛቢ ባየ ቁጥር «የ» እያለ መተርጎም ይቀናዋል፤ እንዲህ ያለ መስተዋድድ ከፊት ሲቀድም ግን «የ» ቦታ የለውም። መጀመሪያ መስተዋድዱን ማየት፣ ከዚያ በኋላ መድረሻውን መፍታት ነው።

በብዙዎቻችን እጅ ያለው የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ ትርጉም እዚህ ላይ «እባቡንና ጊንጡን» ይላል፣ በነጠላ። ግሪኩ ሁለቱንም በብዙ ቁጥር ነው የሚያስቀምጠው፦ እባቦችና ጊንጦች። አማርኛ ነጠላን ይዞ ወገኑን በሙሉ መናገር ስለሚችል ትርጉሙ አልተሳሳተም። ሆኖም «ጊንጡ» የሚለውን ይዞ አንድ የተወሰነ ጊንጥ፣ አንድ ስም ያለው መንፈስ የሚፈልግ ሰባኪ መሠረቱ አየር ላይ ነው። በግሪኩ መስተአምርም የለም፣ ነጠላም የለም።

ቀጥሎ ያለው ሐረግ መስተዋድዱን ይለውጣል። ከ«ኤፓኖ» ወጥቶ «ኤፒ» ይላል፣ ስሙንም ተሳቢ ያደርገዋል፦ በጠላት ኃይል ሁሉ ላይ። ይህ ለውጥ ሐረጉ የሚገናኘው ከ«መርገጥ» ጋር ሳይሆን «ሥልጣን» ከሚለው ጋር እንደሆነ ለማሰብ ጥሩ ምክንያት ይሰጣል። እንግዲህ ሥልጣኑ ሁለት ነገር ይሸከማል፤ በእባቦችና በጊንጦች ላይ መራመድና በጠላት ኃይል ሁሉ ላይ መሆን። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያብራራዋል። ቁጥር 18 ስለ ሰይጣን መውደቅ፣ ቁጥር 20 ስለ መናፍስት መገዛት ነው የሚናገሩት፤ ጊንጦቹ በመካከላቸው ናቸው። ቃሉ በባዶ እግር ጊንጥ ረግጦ እምነትን ለመፈተን ፈቃድ ተደርጎ ሲነበብ ሰዋስውም ዐውድም አይረዱትም። ጊንጥ የነደፈው ሰው፣ በተለይ ሕፃን ከሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ግሱም አንድ ቃል ይገባዋል። የዛሬዎቹ የግሪክ እትሞች «ዴዶካ» ይላሉ፤ ሰጥቻለሁ፣ የሰጠሁትም አሁን በእጃችሁ ነው የሚል ጊዜ ነው። በኋለኛው ዘመን ቅጂዎች ላይ የተመሠረተው የቆየ የኅትመት ጽሑፍ «ዲዶሚ»፣ እሰጣለሁ፣ ይላል። የአማርኛው «ሰጥቻችኋለሁ» የሚስማማው ከመጀመሪያው ጋር ነው።

ብዙ ጊዜ ይህ ጥቅስ ከመዝሙር 90፥13 (በዕብራይስጡ ቁጥር 91) ጋር ይነበባል። መነበቡም ተገቢ ነው፤ መርገጥ የሚለው ሐሳብ እዚያ አለና። ግን በሰባ ሊቃናት የግሪክ ትርጉም ያ መዝሙር እፉኝት፣ ባሲሊስኮስ የሚባል እባብ፣ አንበሳና ዘንዶ ይጠራል እንጂ ጊንጥ የለበትም። እባብና ጊንጥ ጎን ለጎን የሚገኙት በዘዳግም 8፥15 ነው፤ እስራኤል ስላለፉበት አስፈሪ ምድረ በዳ ሲነገር። እዚያም በግሪኩ «ኦፊስ ዳክኖን ካይ ስኮርፒዮስ ካይ ዲፕሳ» ይላል፦ የሚነክስ እባብ፣ ጊንጥ፣ ጥማት። አዲስ ኪዳን ውስጥ ያጣነው የባለቤት ነጠላ ቅርጽ ይኸው። «ዳክኖን»፣ የሚነክስ፣ የሚለው ቅጽል የተጣበቀው ከእባቡ ጋር ብቻ ነው፤ ተርጓሚዎቹ ጊንጥ በአፉ ነክሶ እንደማይጎዳ ጠንቅቀው የሚያውቁ ይመስላሉ።

ሉቃስ 11፥12 አጭር ነው፦ ልጅ እንቁላል ቢለምን አባቱ ጊንጥ ይሰጠዋልን? ስኮርፒዮን በኦሚክሮን፣ ነጠላ፣ ተሳቢ፤ «ኤፒዶሴይ» (ያቀብለዋል) የሚለው ግስ የሚስበው። ልጁ «አውቶ» ተብሎ ተቀባይ ሆኗል። ሙያው ግልጽ ስለሆነ የሚያከራክር ነገር የለውም። ያከራከረው ለምን ጊንጥ የሚለው ነው። ጊንጥ ሲጠቀለል እንቁላል ይመስላል የሚለው ማብራሪያ ከስብከት ወደ ስብከት ሲተላለፍ ይኖራል። ዓሣና እባብ መመሳሰላቸው እውነት ነው፤ የጊንጥና የእንቁላል ግን ተፈልጎ የመጣ ይመስለኛል። ዐረፍተ ነገሩ መመሳሰልን አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሚበላና የሚጎዳ እንዲለዋወጡ ብቻ ነው።

ሌላ ማብራሪያ ደግሞ ቃሉ ዓሣ ሊሆን ይችላል ይላል። ግሪኮች ስኮርፒዮስ የሚሉት እሾሃም የባሕር ዓሣ በእርግጥ አለ፤ «በፐርች (በሚበላ ዓሣ) ፋንታ ጊንጥ» የሚል የግሪክ ተረትም አላቸው፣ ደኅና ነገር ፈልጎ መጥፎ ለገጠመው የሚባል። ቢሆንም እዚህ ቦታ ዓሣው አይገባም። ዓሣ በፊተኛው ጥያቄ ተለምኖ አልፏል፣ በፋንታውም እባብ ተጠቅሷል፤ አሁን የተለመነው እንቁላል ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ማየት ነው። በ10፥19 እባቦችና ጊንጦች፤ በ11፥11 እና 12 እባብ፣ ከዚያ ጊንጥ። ሉቃስ ያንኑ ጥንድ በዚያው ተራ ደግሞታል። የማቴዎስ ተጓዳኝ (7፥9 እና 10) ድንጋይና እባብ ብቻ ነው ያለው፤ ጊንጥ የለውም። እንደ ፓፒረስ 75 እና የቫቲካን ቅጂ ያሉ ጥንታውያን ጽሑፎች ደግሞ ሉቃስ ላይ የእንጀራውንና የድንጋዩን ጥያቄ አይዙም፤ ዓሣና እባብ፣ እንቁላልና ጊንጥ ብቻ። እነዚያን ተከትለን ስናነብ ጥንዱ ይበልጥ ጎልቶ ይወጣል፦ ደቀ መዛሙርቱ እንዲረግጡት ሥልጣን የተሰጣቸውን ነገር አባት ለልጁ በእጁ አያቀብልም።

ወደ ራእይ 9 ስንሻገር ሰዋስው እየከበደ ይሄዳል። የራእይ ግሪክ ሻካራ ነው፣ ለጀማሪ ግን ብዙ ያስተምራል።

ቁጥር 3 «ሆይ ስኮርፒዮይ ቴስ ጌስ» ይላል፦ የምድር ጊንጦች። እዚህ ብቻ ጊንጦቹ ባለቤት ናቸው፤ «ኤኩሲን»፣ አላቸው፣ የሚለው ግስ የእነሱ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ «አላቸው» ሲል ባለይዞታው በግሱ ተሳቢ ምእላድ ይገለጣል፤ በግሪክ ግን የያዘው ባለቤት፣ የተያዘው ተሳቢ ነው። ስለዚህ ሥልጣን የሚለው ቃል በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት ልብስ ለብሷል፦ ለአንበጦቹ «ተሰጠ» በሚለው ተገብሮ ግስ ሥር ባለቤት ሆኖ «ኤክሱሲያ»፣ ጊንጦቹ ሲይዙት ተሳቢ ሆኖ «ኤክሱሲያን»። አንበጦቹ ሥልጣኑን ከሌላ ተቀበሉ፤ ጊንጦቹ ግን በተፈጥሯቸው አላቸው። «ኤዶቴ»፣ ተሰጠ፣ የሚለው ተገብሮ ሰጪውን ሳይጠራ ያልፋል፤ በራእይ ዘወትር የሚታይ አነጋገር ነው፣ ከኋላው ያለውም እግዚአብሔር ነው።

«ቴስ ጌስ»፣ የምድር፣ የሚለው አገናዛቢ ጌጥ አይደለም። አንበጦቹ የወጡት ከጥልቁ ጕድጓድ ጢስ ነው። ዮሐንስ ንጽጽሩን የሚወስደው አንባቢው ከሚያውቃቸው፣ ድንጋይ ሲገለበጥ ከሚገኙት ጊንጦች ነው፣ ከሰማይ ወይም ከጥልቁ የወጣ ጊንጥ አልጠራም። «ሆይ» የሚለው መስተአምርም ወገኑን በሙሉ የሚያመለክት ነው። ከሰማይ ክበብ ላይ ካለው ኮከብ ጋር የሚያያይዙት አሉ፤ በእኛም ዐውደ ነገሥት «አቅራብ» የሚባለው ኮከብ ያው የጊንጡ ነው። «የምድር» የሚለው አገናዛቢ ግን ያንን መንገድ ይዘጋዋል።

ቁጥር 5 ቀስ ብሎ መነበብ ያለበት ነው። መጨረሻው «ሆስ ባሳኒስሞስ ስኮርፒዩ ሆታን ፓይሴ አንትሮፖን» ነው፦ ጊንጥ ሰውን በመታ ጊዜ እንዳለው ሥቃይ። ስኮርፒዩ ነጠላ አገናዛቢ ነው፤ «ባሳኒስሞስ»፣ ማሠቃየት፣ ከሚለው የድርጊት ስም ጋር ተናቧል። የድርጊት ስም ከአገናዛቢ ጋር ሲናበብ ሁልጊዜ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፤ አገናዛቢው አድራጊ ነው ወይስ ተደራጊ? በአማርኛም «የእናት ፍቅር» ስንል እናት የምትወደው ወይም እናት የምትወደድበት ሊሆን ይችላል። እዚህ መልሱን ቀጥሎ ያለው ሐረግ ይሰጠናል፦ «ሆታን ፓይሴ»፣ በመታ ጊዜ፤ መቺው ጊንጡ ነው። ስለዚህ ስኮርፒዩ አድራጊ ነው፤ የሚያሠቃይ እንጂ የሚሠቃይ ጊንጥ አይደለም።

ይህ ከተያዘ ከፊቱ ያለውን ከባድ ቋጠሮ ለመፍታት ይረዳል። ዐረፍተ ነገሩ «ሆ ባሳኒስሞስ አውቶን» ብሎ ይጀምራል፦ የእነርሱ ማሠቃየት። የማን? የአንበጦቹ ነው ወይስ የሰዎቹ? ቅርብ ያሉት ሰዎቹ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ያለው ግስ «ይሠቃያሉ» ስለሚል ባለቤቱ ሰዎቹ ሆነዋል። እንዲያ ከሆነ «የሚሠቃዩት ሥቃይ» ይሆናል። ነገር ግን ንጽጽሩ በሁለት ጎን እኩል ይቆማል፦ የእነርሱ ማሠቃየት እንደ ጊንጥ ማሠቃየት። በአንዱ ጎን ያለው አገናዛቢ አድራጊ ከሆነ በሌላው ጎን ያለውም አድራጊ ቢሆን ሚዛኑ ይጠበቃል። በዚህ ምክንያት «አውቶን» የሚለውን ለአንበጦቹ መስጠት ይሻላል።

በዚያው ቁጥር የባለቤት መገለባበጥም አለ። «እንዳይገድሉ» የሚለው ግስ ባለቤቱ አንበጦቹ ናቸው፤ ወዲያው ቀጥሎ «እንዲሠቃዩ» ሲል ባለቤቱ ሰዎቹ ሆኑ። አማርኛው ይህን ወደ አንድ ባለቤት ሰብስቦ «ሊያሠቃዩአቸው» ስለሚል አንባቢው መገለባበጡን አያይም። ሌላም አለ፦ አንበጣ በግሪክ አንስታይ ስለሆነች በቁጥር 3 «አውታይስ» (ለእነርሱ፣ አንስታይ) ተብሏል፤ በቁጥር 5 ግን ቀደምት ቅጂዎች «አውቶይስ» (ለእነርሱ፣ ተባዕታይ) ይላሉ። ስኮርፒዮስ ተባዕታይ ስለሆነ ሥልጣኑ አሁን ለጊንጦቹ ተሰጠ ብሎ የሚያነብ ሊኖር ይችላል። አይደለም። ጊንጦቹ ከቁጥር 3 እስከ 10 በንጽጽር ውስጥ እንጂ በታሪኩ ውስጥ አንድም ጊዜ አይገቡም፤ ሁልጊዜ ከፊታቸው «ሆስ» (እንደ) ወይም «የሚመስል» የሚል ቃል አለ። ጸሐፊው ጾታውን የለወጠው አንበጦቹን እንደ ሠራዊት ስላያቸው ነው።

«ፓይሴ» ደግሞ «ፓዮ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ ከግእዙ ዘንድ አንቀጽ ጋር የሚቀራረብ አገባብ ይዞ «ሆታን» ከሚለው ጋር ይሄዳል፣ «በሚመታ ጊዜ ሁሉ» ለማለት። ይህ ግስ በአዲስ ኪዳን አምስት ጊዜ ብቻ ነው ያለው። በሁለቱ (ማቴዎስ 26፥68 እና ሉቃስ 22፥64) ጌታን እየመቱ «የመታህ ማን ነው?» ይሉታል፤ በሁለቱ (ማርቆስ 14፥47 እና ዮሐንስ 18፥10) ሰይፍ የሊቀ ካህናቱን አገልጋይ ይመታል። አምስተኛው የጊንጡ ነው። አማርኛ «ነደፈ» ይላል፣ ለአማርኛም ትክክለኛው ግስ እሱ ነው። ግሪኩ ግን የሚያሳየው ምት ነው፤ ጊንጥ ጅራቱን በጀርባው ላይ አጥፎ ከላይ ወደ ታች የሚሰነዝረውን ያየ ሰው ግሱ ለምን እንደተመረጠ ይገባዋል።

በቁጥር 10 የተቀባይ ብዙ እናገኛለን፦ «ኡራስ ሆሞያስ ስኮርፒዮይስ»። «ሆሞዮስ»፣ የሚመስል፣ የሚለው ቅጽል የተመሳሰለበትን ነገር በተቀባይ ሙያ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ስኮርፒዮይስ። «ለጊንጦች» ብሎ የሚተረጉም ይስታል፤ «ጊንጦችን የሚመስሉ» ነው። «ሆሞያስ» አንስታይ፣ ብዙ፣ ተሳቢ በመሆኑ የሚገልጸው «ኡራስ»፣ ጅራቶች፣ የሚለውን ነው እንጂ አንበጦቹን አይደለም። ቃል በቃል ሲፈታ «ጊንጦችን የሚመስሉ ጅራቶች አሏቸው» ይሆናል። ጅራት ጊንጥን እንዴት ይመስላል? ግሪክ አሳጥሮ መናገሩ ነው፤ «የጊንጥን ጅራት የሚመስል» ለማለት አንዱን «ጅራት» ውጦታል። የአማርኛው ትርጉም የተዋጠውን መልሶ «እንደ ጊንጥ ጅራት ያለ ጅራት» ማለቱ ትክክል ነው። ዮሐንስ በ13፥11 ላይም «በግ የሚመስሉ ሁለት ቀንዶች» ሲል ያንኑ ያደርጋል።

ከጅራቱ ቀጥሎ «ኬንትራ» የሚለው ለብቻው ተጠቅሷል፣ መውጊያዎች። ጅራቱና መውጊያው ሁለት ነገር መሆናቸው ከእንስሳው አካል ጋር ይስማማል፦ ጅራት የምንለው አምስት አንጓ አለው፣ ከአንጓዎቹ መጨረሻ መርዝ የቋጠረች ጕብታ ትመጣለች፣ የመውጊያው መርፌ ያለው በእሷ ጫፍ ላይ ነው። «ኬንትሮን» በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥55 እና 56 የሞት መውጊያ የተባለው፣ በሐዋርያት ሥራ 26፥14 ደግሞ በሬ የሚነዳበት የመውጊያ ብረት የሆነው ያው ቃል ነው።

በብሉይ ኪዳን ግሪክም ሁለት ቦታ ሙያን ለመለማመድ ይጠቅማሉ። በ1ኛ ነገሥት 12፥11 እና 14 ሮብዓም «በጊንጥ እገርፋችኋለሁ» ሲል ግሪኩ «ኤን ስኮርፒዮይስ» ነው። ቅርጹ ከራእይ 9፥10 ጋር አንድ ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ፤ እዚህ «ኤን» የዕብራይስጡን «በ» ተከትሎ መሣሪያን ያመለክታል። በሲራክ 26፥7 ክፉ ሚስትን የያዘ ጊንጥ እንደጨበጠ ነው ሲል «ስኮርፒዩ» ይላል። በራእይ 9፥5 ያየነው ቅርጽ ነው፤ እዚህ ግን አገናዛቢ የሆነው መጨበጥ የሚለው ግስ አገናዛቢን ስለሚስብ ነው፣ በአማርኛም «ጊንጥን» እንጂ «የጊንጥ» አይባልም። አንድ መድረሻ አንድ ትርጉም አለው ብሎ የሚያስብ ሰው በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ሐሳቡን ይለውጣል። በግሪኩ 1ኛ መቃብያን 6፥51 ላይ ያለው «ስኮርፒዲያ» ደግሞ ቀስት የሚወረውር የጦር መሣሪያ ነው፤ የእኛ መጽሐፈ መቃብያን ከግሪኩ የተለየ መጽሐፍ ስለሆነ እዚያ ገልጦ መፈለግ አያዋጣም።

በስትሮንግ ቁጥር (ለመጽሐፍ ቅዱስ ቃላት በየተራ በተሰጠው የመዝገበ ቃላት ቁጥር) የሚፈልግ ሰው ስኮርፒዮስን በ4651 ያገኘዋል። ከእሱ በፊት ያለው 4650 «ስኮርፒዞ» ነው፣ በተነ ማለት፤ ቁጥሩን በአንድ የሳተ ሌላ ቃል ውስጥ ይገባል። ስኮርፒዞ በሉቃስ 11፥23 «ከእኔ ጋር የማያከማች ይበትናል» በሚለው ላይ ስላለ፣ ከጊንጡ 11 ቁጥር ብቻ ይርቃል። ከዚህ ተነሥቶ «ጊንጥ ማለት በታኝ ነው» የሚል ስብከት ሲሠራ ይሰማል። የድምፅ መመሳሰል ፍቺ አይሆንም፤ ሉቃስም ሁለቱን አላገናኛቸውም።

ሉቃስ 10ን ከራእይ 9 ጋር በእውነት የሚያገናኙ ቃላት ሌሎች ናቸው። «ኤክሱሲያ» በሁለቱም አለ፤ በሉቃስ በጊንጦች ላይ የተሰጠ ሥልጣን፣ በራእይ እንደ ጊንጦች ያለ ሥልጣን። «አዲኬዮ»፣ ጎዳ፣ የሚለው ግስም በሁለቱም አለ፤ በራእይ 9፥4 አንበጦቹ የእግዚአብሔር ማኅተም በግንባራቸው ያለባቸውን እንዳይነኩ ተከልክለው፣ በቁጥር 10 ሌሎቹን ሰዎች አምስት ወር ሊጎዱ ሥልጣን አላቸው። ሉቃስ 10፥19 የሚዘጋው በዚህ ግስ ነው፦ «ኡዴን ሂማስ ኡ ሜ አዲኬሴ»። ሦስት አፍራሽ ቃል ተደራርቧል። በግሪክ እንዲህ ያለው ድርብርብ አይጣፋም፣ ይጠነክራል፦ ፈጽሞ ምንም አይጎዳችሁም። «ኡዴን»፣ ምንም፣ ገለልተኛ ጾታ ስለሆነ ባለቤቱና ተሳቢው አንድ ቅርጽ ነው። ባለቤት ከሆነ «የሚጎዳችሁ ምንም ነገር የለም» ይሆናል፣ አማርኛው እንደያዘው። ተሳቢ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ከፊቱ ያለው ጠላት ሆኖ «በምንም አይጎዳችሁም» ተብሎ ይነበባል። ሰዋስው ሁለቱንም ይፈቅዳል። እባቦቹና ጊንጦቹ ከጠላት ኃይል ጋር በአንድ ሥልጣን ሥር የተቆጠሩ ስለሆነ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያቅፈው የመጀመሪያው ንባብ ይመረጣል።